«አለሁ» ያላሉት

ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዙፋን ታምሬ፣
ገንዳ ውሃ

ሰላምታዬ በመንገድ ያሉትን ኬላዎች ሁሉ ሳይፈተሽ አልፎ ካንቺ ይድረስ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤም የራሱ አስተያየት ያለው ሆነ እንጂ አልሞተም። ስልኩ በእናንተም በእኛም በኩል ዝም ስላለ እንደ አያቶቻችን ወረቀት ይዣለሁ። ደብዳቤውን እስከ ድንበር የሚያደርሰው ዘከሪያ ነው፤ ከዚህ እስከ ገላባት ሎሪ የሚነዳ የወሎ ልጅ ነው። ከድንበሩ ወዲያ ለሚያምነው ሰው ይሰጥልሻል።

የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ ነው። ባለፈው ሰኞ ማለዳ ከቤት ወጥተው የሰሊጥ ገበያው በር ላይ ቆሙ። ቆመውም የአጫጆች አለቃ፣ ካቦ፣ በነበሩበት ዘመን እንደሚያደርጉት ስም መጥራት ጀመሩ። «ባንታምላክ! ሰማኸኝ! ዘማርያም!» ከተጠሩት መካከል ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ስለ መኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ገበያው በር ላይ ግን ሥራ ፈላጊ ሞልቶ ነበርና ስሙ የሆነውም ያልሆነውም «አለሁ!» ይል ጀመር። ደርሼ እጃቸውን ስይዝ አርባ ሁለት ሰው ቀጥረው ነበር። አንዱ እስካሁን ማጭዱን ይዞ ደጄ ድረስ ይመጣል።

ሕጋቸውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንድ ልጅ በወባ ወድቆ ሰሊጥ ውስጥ ቀርቶባቸው አሞራ ካሳያቸው ወዲህ፣ ስሙ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ሰው ሳይገኝ ማጭድ አይነሳም፣ ቁርስም አይቀመስም። አጎቴ ሌላውን ሁሉ ረስተዋል። የእኔን ስም እንኳ የሚያስታውሱት ቀን እየመረጡ ነው። ይህቺን ሕግ ግን አልረሱም።

ብቻቸውን ልተዋቸው አልችልም። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ለሐበሻው ሁሉ በዐረብኛ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈለሰው ሕዝብ ገዳሪፍን ስለሞላው፣ አከራዬ ግቢውን ለዘመዶቹ ሰጥቶ እኔንና አባትሽን አንዲት ክፍል ውስጥ አጥፎናል። ከወደቁም ላነሣቸው አልችልም፤ የወገቤን ነገር ነግሬሻለሁ።

ወደ አንቺ እንዳልልካቸው መንገዱን ታውቂዋለሽ። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ኤልሳ የምትባል የሁመራ ሴት አለች። እናቷንና አንዲት ባልቴት ታስታምማለች፤ አባትሽንም እቀበላለሁ ብላለች። ጣሪያዋ ሸራ፣ ወለሏ አፈር ነው፤ የፈቃድ ወረቀት የላትም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጠዋት ጠዋት ምን ማድረግ ይወዳሉ?» እንደ ሆቴል አስተናጋጅ! እዚሁ ከተማ ከእህል ጎተራው ጀርባ ደግሞ የሲስተር ሰሎሜ ግቢ አለ። የጡብ አጥር አለው፣ ማራገቢያ አለው፣ በመስታወት የተሸፈነ ምስክር ወረቀት አለው። የመተዳደሪያ ደንብም አለው። ደንበኛዬ ናትና ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥሩ ደንብ ነው።

ልጃቸው ነሽና ምርጫው ያንቺ ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ እንደሚሆን አውቄ ከወዲሁ ተዘጋጅቻለሁ።

ያክስትሽ ልጅ ደመቀ


ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር 21 ቀን 2016

አያ ደመቀ፣

እጅህን ከመሰበር፣ እግርህን ከመደናቀፍ፣ ወገብህንም ካለበት ይጠብቅልህ። ደብዳቤህ በሃያ ሦስት ቀኑ ገባ። ስለ አርባ ሁለቱ ሰዎች ሳነብ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አለቀስኩ።

ትምህርት ቤታችን እንደተዘጋ ነው። እዚያ መጥቼ ራሴ ባየሁት ደስ ባለኝ፤ ግን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ባንተ ዐይን አሳየኝ። ማን ነው የሚያጥበው? ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም ያውቃሉ? ጥላ አለ? ስንት ሰዎች ናቸው? ሲናገር የሚሰማው አለ?

ኤልሳ የምትላት ሴት ልቤን ነካችው። ግን ሸራ ጣሪያ ክረምቱን አይችልም፤ መጠለያ ደግሞ ነገ ይነሳ እንደሆነ ማን ያውቃል። ወረቀት ያለው ይሻላል። አንድ ነገር ቢሆን የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ሲስተር ሰሎሜ ዘንድ ይግባ።

አባየን በጆሮው «ዙፋን አለች» በልልኝ።

ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016

እኅቴ ዙፋን፣

እንደምን ከረምሽ? ልደቱ በደህና ይድረስሽ።

አባትሽ ገብተዋል። ሲስተር ሰሎሜ ነጭ ጋውን ለብሳ በር ላይ ተቀበለችን። የት እንደተማረች ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ነጭ ልብስ ጥያቄን ያጥባል። በረንዳው ላይ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። ወንበሮቹ ጀርባ ላይ ለሥርዓት ሲባል ቁጥር ተጽፏል። አባትሽ አሥራ ሦስተኛው ናቸው። ጥላ አለ። የሚያጥባቸው አንድ ጎልማሳ አለ። ስለ ጾሙ ነግሬአለሁ፤ «እዚህ ከጾም ውጭም ብዙ ሥጋ የለም» ብላኛለች።

የምጠይቃቸው ዓርብ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ውጭ ጠያቂ አይገባም። ይህንንም ደንብ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ መከራከር አላማረኝም።

አጎቴ ተመችቷቸዋል። ሰሎሜ እንደነገረችኝ ማለዳ ማለዳ ተነሥተው ስም ይጠራሉ፣ በረንዳው በሙሉ «አለሁ» ይላል። እንደ ገበያው ሰዎች ለጨዋታ የሚመልሱላቸው ይመስለኛል። «አቶ ደመቀ፣ ግቢው ነፍስ ዘራ!» ብላ ሳቀች።

ሁለት ቅጽ ፈርሜአለሁ። አንዱ የመግቢያ ነው። ሌላው፣ «የአረጋዊው ሁኔታ ሲያስገድድ ወደ አገራቸው በክብር ይሸኛሉ» የሚል ነው። «በክብር» የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያለ እርሷ ዐረፍተ ነገሩ ይቀዘቅዝ ነበር።

ደመቀ


ገንዳ ውሃ፣ ጥር 16 ቀን 2016

አያ ደመቀ፣

እግዚአብሔር ውለታህን በልጅ፣ ልጅ ካልሆነም በጤና ይክፈልህ።

ጋቢ ልኬአለሁ። ፈትሉ የእኔ ነው። ጋቢ እንዲህ እንደማይደረግ አውቃለሁ፤ ግን ከሌላው እንዲለይ ብዬ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ክር ሰፍቼበታለሁ። አሰፋፌ እንደምታውቀው ጠማማ ነው። አባየ ያውቀዋል።

ደብዳቤህ ላይ የእሱ ቃል የለም። አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍልኝ፤ አንተ አታሳምረው፣ እንዳለው ጻፈው።

ዙፋን


ገዳሪፍ፣ የካቲት 26 ቀን 2016

እኅቴ ዙፋን፣

ሰላምና ጤና ከዚህ ከተማ ሙቀት ተርፎ ይድረስሽ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጋቢው ደርሶ ራሴ አልብሼአቸዋለሁ። አረንጓዴውን ክር በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ይቺ ልጅ ዛሬም መስመር አትጠብቅም» አሉ። ቃላቸው ይኸው፤ አላሳመርኩትም።

አሁን ግን ትንሽ ችግር አለ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቁርስ እምቢ ብለዋል። ማለዳ ስም ይጠሩና ሦስት ሰው ጎደለብኝ ይላሉ፤ ሃየሎም፣ ገብረሚካኤል፣ ሃብቶም። ካልተገኙ እህል አልቀምስም ብለው እስከ ቀትር ይቀመጣሉ። ሰሎሜ ተማርራለች። «አቶ ደመቀ፣ የዛሬ አርባ ዓመት የሞተ ሰው ካልመጣ አልበላም ካሉ እኔ ምን ላድርግ? ከመቃብር አላወጣ!» አለችኝ። እኔም የድሮ አጫጆቻቸው ናቸው መሰለኝ አልኳት። የሚያረጋጋ ኪኒን ይሰጣቸው ዘንድ አስፈርማኛለች። ባለፈው ዓርብ ስሄድ እንቅልፍ ተጭኗቸው ነበር። እጄን ያዙና፣ «አንተ፣ ውሃ የሚወስድላቸው ሰው ላክ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

በረንዳው ላይ ፊታቸውን የማላውቃቸው ሽማግሌዎች አየሁ፤ ልጆቻቸው በመኪና የሚጠይቋቸው የካርቱም ሰዎች ናቸው። የቀድሞዎቹስ አልኳት። «ሸኘናቸው» አለች፣ በክብር መሆኑን ሳትጨምር። ጋቢሽን አጎቴ ላይ አላየሁትም። ታጥቦ ይሆናል።

ደመቀ


ገንዳ ውሃ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2016

አያ ደመቀ፣

ደብዳቤህ መንገድ ተዘግቶበት ትናንት ገባ። ሰላምታው ለሌላ ቀን ይቆየን።

እናቴ በሕይወት ሳለች አባየ ወደ ሱዳን በወረደ ቁጥር ከእሱ ጋር የወረዱትን ሰዎች ስም ቤተ ክርስቲያን ታስጠራ ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ አደግሁ። ሠላሳ አንድ ስም ነው። ተኝቼም ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ። ሁሉም የአንድ ደብር ልጆች ናቸው፤ ካቦ ከደብሩ ውጭ ሰው አይወስድም ነበር። ባንታምላክ አለ። ሰማኸኝ አለ። ዘማርያም አለ። ሃየሎም የለም። ገብረሚካኤል የለም። ሃብቶም የለም። ከተከዜ ወዲያ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

አባየ የድሮ ሰው አይደለም የሚጠራው። አጠገቡ የተቀመጡትን ነው።

ሂድና ቁጠር። ወንበር አትቁጠር፤ ሰው ቁጠር። ዓርብ በሰዓቱ እንዳትሄድ። ጠዋት ሂድ። ያንን ኪኒንም አስቁም።

ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016

እኅቴ፣

ደብዳቤሽ ፋሲካን አሳልፎ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ዛሬ ማለዳ ሄድኩ። ዘበኛው «ዛሬ ሐሙስ ነው» አለኝ። ዕለቱን ስለነገረኝ አመስግኜ ገባሁ።

አባትሽ ቆመዋል፤ ምሰሶውን ተደግፈው። ምላሳቸው ከብዷል፤ ግን ይጠራሉ። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል፤ ከአጎቴ ወንበር በስተቀር ሁሉም ሙሉ ነው። «አለሁ» ያሉት ግን ዘጠኝ ናቸው። የቀሩት የካርቱም ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውም አልተጠራም። አጎቴ «ሃየሎም!» ሲሉ ከዘጠኙ አንዱ፣ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት፣ ጎተት አድርገውኝ አጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩኝ።

«ሃየሎም እዚህ ነበር የሚቀመጥ» አሉኝ። «ካቦ የሚጠራው ስም ያለውን ሰው ነው፤ እብድ መሰለህ እንዴ? እብዱስ አንተ።»

ሰሎሜን ጠየቅኋት። መዝገቡን ዘረጋችልኝ። ሦስት የሽኝት ቅጽ አለ፤ ሦስቱም በእኔ እጅ ጽሑፍ የተባዙ ናቸው። «የቤተሰብ ፈቃድ» በሚለው ቦታ የሽማግሌዎቹ የራሳቸው የአውራ ጣት አሻራ አለ። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ወይም የራሱ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለማሳጠር ብዬ።

«ወዴት ነው የሸኛችኋቸው?» አልኳት።

«ወደ አገራቸው ነዋ፣ አቶ ደመቀ።»

«አገራቸው የት ነው?»

«ሎሪው ያውቃል» አለች።

አጎቴን ልወስዳቸው እንደሆነ ነገርኳት። ፈገግ ብላ፣ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ችኮላው ለምንድን ነው?» አለች። ሚስት የለኝ፣ የእሳቸውንም አልጋ የአከራዬ ዘመዶች ስለወሰዱት ሁለተኛ አልጋ የለኝ፤ መሬት ላይ ላስተኛቸው አልፈለግሁም። አናጺው አልጋውን ለእሑድ ብሎኛል። ለኤልሳም ቃል ልኬአለሁ፤ ክረምቱ መንገዱን ወደ ጭቃ ሳይለውጠው ኡም ራኩባ ላደርሳቸው ነው። ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ደመቀ


መተማ ዮሐንስ፣ ግንቦት 3 ቀን 2016

አያ ደመቀ፣

መንገዱ ሲከፈት ጊዜ ላለማጥፋት ተነሥቼ መተማ ወረድኩ። የሐሙሱን ደብዳቤህን እዚህ አገኘሁት። ልሻገር ነበር። ኩብሪው፣ የድንበሩ ድልድይ፣ ዛሬ ጠዋት ተዘጋ፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚናገር የለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ጋቢዬን አየሁት። አረንጓዴ ክሬን፣ ጠማማ ስፌቴን። «አባየ!» ብዬ ሮጥኩ። ሰውየው ዞረ። አባየ አይደለም። አንድ ዐይኑ የጠፋ፣ የማላውቀው ሽማግሌ ነው። እንደ ሌባ ያዝኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«ጋቢውን ከየት አመጣኸው?»

«ካቦ አለበሰኝ» አለ። «ሎሪው ላይ ሲጭኑን ወጣና፣ 'መንገድ ላይ ብርድ ይመታሃል' ብሎ አለበሰኝ። ስሜን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ እንዳልረሳህ ብሎ።»

ስሙ ሃብቶም ነው።

ከሃየሎምና ከገብረሚካኤል ጋር ገላባት አውርደዋቸው ሄዱ። ከጉምሩኩ ጀርባ አንድ ዛፍ አለ አለኝ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ፌስታልና አንድ ወረቀት ሰጧቸው። መራመድ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። «ሰው ይዤ እመለሳለሁ አልኳቸው፤ እኔን የሚይዘኝ አጣሁ» እያለ ያለቅሳል። ወረቀቱን አሳየኝ። ዐረብኛ አላነብም። የእጅ ጽሑፍህን ግን አውቃለሁ።

ሃብቶምን እኔ ይዤዋለሁ። ሰው ምን እንደሚል፣ ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ ይበል።

አባየን ዛሬውኑ አውጣው። አልጋ አያስፈልገውም፤ ዕድሜውን መሬት ላይ ነው የተኛው። ደብዳቤዬን አትጠብቅ።

ዙፋን


ገላባት፣ ግንቦት 6 ቀን 2016

እኅቴ ዙፋን፣

የምጽፍልሽ ከጉምሩኩ ጀርባ፣ ከዛፉ ሥር ነው። አባትሽ አጠገቤ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ቆመሽ እንድታነቢው ነው።

እሑድ አልጋው አለቀ። ጥሩ አልጋ ነው። በራክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ ጭኜ ቤት አድርሼ ወደ ሰሎሜ ግቢ ሄድኩ። አሥራ ሦስተኛው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። «ዓርብ ሸኘናቸው» አለችኝ። «ሊወስዷቸው እንደሆነ ሲነግሩኝ ወገብዎ ትዝ አለኝ፤ ላግዝዎት ብዬ ነው።» ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አልጽፈውም፤ ማመልከቻ ውስጥ የማይገባ ቃል ነው። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ግን ያገባሁት ማመልከቻ አለ። በእኔ እጅ በተጻፈ ደንብ ላይ በእኔ እጅ የተጻፈ አቤቱታ ነው፤ የተቀበለኝ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ረጅም ጊዜ ሲያየኝ ቆየ።

ደብዳቤሽን ሰኞ ዘከሪያ ሲሰጠኝ ዛፉን አወቅሁት። ወዲያው ሎሪው ላይ ወጣሁ። መሐል መንገድ፣ ዶካ ላይ፣ ጎማ ፈነዳ። ዛሬ ማለዳ ደረስን። ከሎሪው ሳልወርድ ድምፃቸውን ሰማሁ። ይጠራሉ። ኪኒኑ ስለቀረ ምላሳቸው ተፈትቷል። አንቺ ቅዳሜ ኩብሪው ዳር ቆመሽ ስትጽፊልኝ እሳቸው እዚህ ነበሩ።

ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ውሃና ስኳር የበዛበት ሻይ ስትሰጣቸው ሰንብታለች። ፉል አቅርባላቸው ነበር፤ አልነኩትም። «አይበላም፤ ሰው እጠብቃለሁ ይላል» አለችኝ። ቀጥላም ከአጥሩ ወዲያ ወስዳ ሁለት የአፈር ክምር አሳየችኝ። የካቲት ላይ ከዚህ ዛፍ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች መሞታቸውንና የሠፈሩ ሰው እንደቀበራቸው ነገረችኝ። «ስማቸውን የሚያውቅ ስላልነበረ ድንጋይ ብቻ አቆምንላቸው» አለች። እኔ ስማቸውን አውቃለሁ። በፌስታላቸው የተገኘው ወረቀት ላይ «አረጋዊው» ብቻ ነው የሚለው፤ ስም የሚሞላበት ቦታ አልተውኩም ነበር።

ለአጎቴ አልነገርኳቸውም። «ሃብቶም ተገኝቷል፤ ዙፋን ዘንድ ነው» አልኳቸው። አንድ ጣታቸውን አጠፉ። «ጎበዝ። ሁለቱስ?» አሉ። «ሃየሎም!» ብለው ሲጠሩ እኔ «አለሁ» አልኩ፤ እህል ይቅመሱ ብዬ። ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ደመቀ ነህ። የሰው ስም አትብላ» አሉኝ። ከወራት ወዲህ ስሜን የጠሩት ዛሬ ነው።

ላነሣቸው ሞከርኩ፤ ዘከሪያም ሞከረ። ዛፉን ያዙ። ሰው ጎድሎ ካቦ ከቦታው አይነቃነቅም። ክብደታቸው የጋቢሽን ያህል ሆኗል፤ ጉልበታቸው ግን የት እንደተደበቀ አላውቅም። ከባድ ደመና ከዶካ በኩል እየመጣ ነው። ዝናቡ ከጣለ ሎሪው ከዚህ አይወጣም፤ ኩብሪውም እንደተዘጋ ነው።

ዛሬ ሦስተኛ ስም ጨመሩ። ያንቺን። ከሦስቱ መልስ መስጠት የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ።

ኩብሪው ቢዘጋም ወንዙ ጠባብ ነው። ይህን ወረቀት ዘከሪያ የሚያውቀው ወታደር ያሻግርልሻል። ነገ ሲነጋ ከዳርቻው በወዲያ በኩል ቁሚ፤ ሃብቶምንም ይዘሽው ነይ። ሲጠሩሽ ባለሽ ድምፅ ሁሉ መልሺላቸው፤ ሁለቱ ቢጎድሉም ያንቺን ድምፅ ከሰሙ ይነሡ ይሆናል። ዝናብ ከቀደመሽ ድምፅሽ አይሻገርምና አትዘግዪ።

ገና ቁርስ አልበሉም።

ደመቀ